«ለኪ» ያለችኝ እናትህ

ነቀምቴ
መጋቢት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ውዴ ዋጋሪ፣

አካም ጅርታ? እንዴት ነህልኝ? የላይፕዚግ ብርድ እንዴት አድርጎሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጉንፋን ይዞኝ ነበር፣ ለቀቀኝ። ነቀምቴም ደህና ናት፤ ማንጎው ደርሶ ልጆቹ ሁሉ አፋቸው ቢጫ ሆኗል። ባለፈው ከአዲስ አበባ ስመለስ አውቶቡሱ አኖ ላይ ተበላሽቶብን ግማሽ ቀን ተቀመጥን፤ አንዲት እናት ሽንኮራ ቆርሰው ሰጥተውኝ እሱን እየመጠጥኩ በኦሮምኛ ወግ ለመያዝ ብሞክር ተሳፋሪው ሁሉ መኪናው መበላሸቱን ረስቶ ሳቀብኝ።

ይህ ደብዳቤ በፖስታ አይመጣልህም። ተድላን መቼም አትረሳውም፤ ከክፍላችን ኋላ ተቀምጦ ፈተና እስኪታደል የሚያንቀላፋው። የድሬስደን ትምህርት ደርሶታል፤ በእጁ ያመጣልሃል። ስለዚህ ማን ያነብብኛል ሳልል እንደ ልቤ እጽፋለሁ። ብዙ የምነግርህ አለኝ፤ ስለ ወንድምህ፣ ስለ እናትህ፣ ስለ ሞኝነቴም። በመጨረሻው ደብዳቤህ ላይ ያሰፈርካትን ጥያቄ አይቻታለሁ። መልሷ መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ገልጠህ እንዳታይ! አውቅሃለሁ፣ ልብ ወለድ እንኳ ከኋላ ነው የምትጀምረው።

እንደምታውቀው ጓደኞቼ ሁሉ አዲስ አበባ እንዲመደቡ ሲለምኑ እኔ ብቻ «ነቀምቴ» ብዬ መዳቢዎቹን አስደነገጥኳቸው። «ዘመድ አለሽ?» ሲሉኝ «የለኝም» አልኩ። ምን ልበል? የአንድ ሰው የትውልድ ከተማ ስለሆነች ነው ይባላል? እዚህም ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናትህም። ለከተማው ሰው ከሸዋ የመጣች የማኅበራት አደራጅ ነኝ፣ በቃ። መሥሪያ ቤቱ የልብስ ሰፊዎች ማኅበር ላይ መድቦኛል። ሊቀመንበሩ ጋሽ ፈድሉ ከጉራጌ አገር በልጅነቱ መጥቶ እዚሁ የሸበተ ሰው ነው፤ እኔን «ምሩቋ» እያለ ይጠራኛል። ዘርትሁን ደግሞ የቀሚስ ሰፊ ናት፤ አባቷ ጎጃሜ፣ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ በሁለቱም ቋንቋ እኩል የምትሳደብ።

አሁን ስማኝ፤ የዚህ ሁሉ መነሻ አንተ ነህ። ያን ጊዜ ስለ ተቋማችሁ ኮምፒውተር ጽፈህልኝ ነበር። «ቁጥርሽን ከሰጠሽው ማን እንደሆንሽና ትናንት የት እንዳቆምሽ ያስታውሳል፤ እንደ አዲስ ሰው አይቀበልሽም» ያልከኝን። ያቺን አረፍተ ነገር ስንት ቀን ይዤያት ዞርኩ መሰለህ! እኛ ጋ ሰው ከቢላ ከተማ፣ ከኡኬ ድረስ ለአንድ ሱሪ ሁለቴ ይመላለሳል፤ አንዴ ለመለካት፣ አንዴ ለመውሰድ። ለምን ሱቃችን እንደ አንተ ማሽን አያስታውስም? አልኩ።

ሲባጎ አመጣሁ። ለእያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ሲባጎ፤ ከጫፉ እስከ መጀመሪያው ቋጠሮ ወገብ፣ እስከ ሁለተኛው ቋጠሮ የሱሪ ቁመት። ጫፉ ላይ ከራሱ ልብስ የተረፈች ቁራጭ ጨርቅ፤ በላይዋ ስሙ በቀለም። ግድግዳው ላይ ምስማር በሰልፍ መታሁ፤ የነቀምቴ በአንድ ረድፍ፣ የቢላ በአንድ፣ የኡኬ በአንድ። ከዚያ ወዲያ ሰውየው ጨርቁን በሹፌር ቢልክ ይበቃል። ጋሽ ፈድሉ ቀና ብሎ አየና «ምሩቋ፣ ከተማውን በሙሉ ሰቀልሽው» አለኝ። እኔ ግን ኮራሁ። መሥሪያ ቤቴ ሳይቀር መጥቶ አየልኝ።

አንድ ነገር ግን ቶሎ መንቃት ነበረብኝ። ጨርቅ ነጋዴው ተካ እየመጣ ከጋሽ ፈድሉ ጋር ሲጫወት ዓይኑ ከግድግዳው አይነቀልም ነበር። ከዚያ መንገድ ላይ ሰው እያስቆመ «እትዬ፣ ያቺ አበባ ያላት ተትሮን መጥታለች» ይላል። ሴቲቱ ትደነግጣለች፤ አበባ ያለበት ተትሮን እንደምትወድ ማን ነገረው? ቄሱን ደግሞ «አባ፣ ወገብዎ ሰፋ ብሏል፣ ሁለት ክንድ ጨምረው ይግዙ» ብሏቸው ወደኛ ሱቅ እየተቆጡ መጡ። እኛ ሳቅን። ስቄ ዝም ማለቴን አሁን ሳስበው ያበግነኛል።

እናትህ የመጣችው በዚያው ሰሞን ነው። ጋሽ ፈድሉ ለስግደት ወጥቷል፣ ዘርትሁን ገበያ ናት፤ ብቻዬን ነበርኩ። ስትገባ ያንን ያንተን ግንባር አየሁ፤ መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ከኋላዋ ቀነዓ ቆሟል። ዋጋሪ፣ ወንድምህን ብታየው አታውቀውም። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፣ የበሩን መቃን ጎንበስ ብሎ ነው የሚያልፈው። ሱሪው ከቁርጭምጭሚቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል።

እንዴት ላስደስታት እንደምችል ጠፋኝ። «እናቴ፣ የልጁን ልክ በሲባጎ እንያዝልዎ? ሁለተኛ እንዳይደክሙ» አልኳት በአማርኛ።

እጇን አነሳችና «ለኪ! ለኪ!» አለችኝ።

«እሺ እናቴ!» ብዬ ሜትሩን አመጣሁ።

«ለኪ ጄዴ!» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ።

ጄዴ ያለችው «ቶሎ በይ» መስሎኝ ቸኮልኩ። ቀነዓ አፉን በመዳፉ ይዞ ይንፈቀፈቃል። እናትህ ዝም አለች፤ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ በደስታ ቋጠርኩ፣ «ቀነዓ» ብዬ ጻፍኩ፣ ሰቀልኩ። የግድግዳው ረጅሙ ሲባጎ የእሱ ሆነ። ማታ እንቅልፍ እምቢ እስኪለኝ ነው የተደሰትኩት። የዋጋሪን እናት አገለገልኳት ብዬ!

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በአንድ ሐሙስ ጓድ ሽብሩ መጣ። የቀበሌ ሰው ነው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ልጆች መመልመል የእሱ ሥራ ነው። ካኪውን ሊወስድ ገብቶ ግድግዳው ፊት ቆመና እጆቹን ወደ ኋላ አጣመረ።

«ጓዲት ሐረግወይን፣ አብዮቱ ሲፈልገው የከረመውን ነገር ምስማር ላይ ሰቅለሽዋል እኮ!»

«ምኑን ጓድ ሽብሩ?»

«ቁመቱን ነዋ! እናቶቹ ‹ገና ሕፃን ነው› ይሉኛል፣ አልጋ ሥር ይደብቁብኛል። ሲባጎ ግን አይዋሽም።» ረጅሙን አንስቶ ከወገቡ ወደ ታች ለቀቀው፤ መሬት ነካ። ጨርቁን አነበበ። «ቀነዓ... የእትዬ ዳዲ ልጅ አይደለም? ያ ‹ሕፃን›?»

«አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው» አልኩ።

«ይህን ሱሪ የሚሞላ ጠመንጃ ይሸከማል።» መልሶ ሰቀለው። «አሁን ስብሰባ አለብኝ። ቅዳሜ መለኪያ ዱላዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ከዱላው የሚበልጡትን ልጆች ስም እንይዛለን። አንድም እንዳይነካ።»

ሲወጣ በሩን ዘጋሁ። ለዘርትሁን «የእትዬ ዳዲ ደግሞ ይባስ! ልጃቸው እንዲለካ እንዴት ወድደው ነበር፤ ‹ለኪ፣ ለኪ› እያሉኝ...» አልኳት።

ዘርትሁን የስፌት መኪናዋን አቆመች። «ምን አሉሽ?»

«ለኪ። ኋላም ‹ለኪ ጄዴ›።»

«የኔ እህት» አለችኝ፣ «ለኪ ማለት በኦሮምኛ አይሆንም ማለት ነው። ለኪ ጄዴ ደግሞ ‹አይሆንም አልኩ እኮ› ነው።»

ጋሽ ፈድሉ መሳቅ ጀመረና ግድግዳውን አይቶ ተወው። እኔም አየሁት። ከተሰቀሉት ውስጥ ስንቱ ነው «ለኪ» ያለኝ? የቢላው ሽማግሌ ብሎኛል። የኡኬዋ ሙሽራ አንገቷን እየነቀነቀች ብላኛለች፤ እኔ አፋርነት መስሎኝ! ይህ ሁሉ ሰው አይሆንም ሲለኝ «እሺ» እያልኩ ለክቼዋለሁ።

አንተን ግን በጣም ነው የተናደድኩብህ። አራት ዓመት አብረን ስንማር «ሲን ጃላዳ» ብለህ እወድሻለሁን አስተማርከኝ፣ «ኤዬ» ብለህ አዎን አስተማርከኝ። አንዲት «ለኪ»ን ብታስተምረኝ ምን ነበረበት? ሴት ልጅ እምቢ ማለቻውን እንዳታውቅ ፈልገህ ነው አይደል?

የቀነዓን ሲባጎ በጉያዬ ይዤ፣ ዘርትሁንን ለአስተርጓሚነት አስከትዬ ቤታችሁ ሄድኩ። እናትህ ደጅ በርበሬ ታሰጣለች፤ ቀነዓ አጠገቧ ነው። «አዮ» አልኳት፤ እናት ለማለት ይህን ዘርትሁን ነበር መንገድ ላይ ያስጠናችኝ፣ «አዮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ‹ለኪ› ያሉኝን ‹ለኪ› ሰምቼው ነው።»

ትክ ብላ አየችኝ። ከራሴ ጋር መሆኔን ትንሽ ሳትጠራጠር አልቀረችም።

«በአማርኛ ለኪ ማለት ስፈሪ ማለት ነው» አልኳት። «ሰፈሪ?» ብላ ደገመችው፤ ይቺ ቃል በኦሮምኛም ያው ናት። ቀስ ብሎ ገባት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ አልገባት ይሆናል አላልኩም ኢንተላ ኮ፣ የኔ ልጅ። ለኪ እያሉት የሚለካ ማነው? መንግሥት ነው። ስለዚህ ዝም አልኩ።»

ዋጋሪ፣ ከተመረቅኩ ወዲህ እንደዚህ የቆጠቆጠኝ ነገር የለም። እኔ እኮ መንግሥት አይደለሁም! እኔ ሐረግወይን ነኝ፣ የጣት ቀለበቴን በየሻይ ቤቱ የምረሳው።

ለምን እንደማታስለካም ነገረችኝ። አባታችሁ ሲያርፍ ቁመቱን በገመድ ለክተው በዚያው ልክ ጉድጓድ የቆፈሩበትን ቀን አትረሳም። ከዚያ ወዲህ የእናንተን ልብስ ጋሽ ፈድሉ በዓይኑ ነው የሚቆርጠው፤ ለዚህ ነው ሱሪያችሁ ሁሌ የሚያጥረው። ቀነዓም ያን ቀን አፉን ይዞ ዝም ያለው ለዚህ ነው፤ አንዴ እንኳ ልኩ የሆነ ሱሪ አምሮት። ስለ ጓድ ሽብሩ ስነግራቸው ግን ቀነዓም እንኳ አልሳቀም። እናትህ ሲባጎውን ተቀብላ ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ በጥርሷ ፈታችና ባዶውን መለሰችልኝ። ስሙ ያለባትን ጨርቅ መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች።

«ሲባጎው የእናንተ ነው» አለች። «ቋጠሮው የልጄ ነው።»

በማሽንህ ላይ ሌት ተቀን የምታጠናው ነገር እኮ ይኸው ነው፤ ማስታወሻው የማሽኑ፣ የተያዘው ነገር ግን የሰውየው፤ በሁለት አረፍተ ነገር አለቀ።

ዓርብ ገበያ ነበር። ሱቁን ዘግተን ወጣን፤ እኔ፣ ዘርትሁንና ጋሽ ፈድሉ፣ ሲባጎውን በጆንያ ይዘን። ሰው ባገኘን ቁጥር ዘርትሁን በሁለቱም ቋንቋ ትጠይቃለች፦ «ልካችሁ እኛ ጋ ይቀመጥ? ኤዬ ወይስ ለኪ?» የሰው ነገር ስንት ዓይነት ነው መሰለህ! አንዱ ሲባጎውን ተቀብሎ እዚያው በእሳት ለኮሰው። ሌላው «እኔ ቤት ይቀመጥ፤ ስመጣ ይዤው እመጣለሁ» አለ። ቄሱ ከተካ ነገር በኋላ «ቁመቴ ይቅር፣ ወገቤን ግን ፍቺው» አሉኝ። አንዲት እናት «የኔን ጣውንቴ እንድታየው ከሷ ሲባጎ ጎን ስቀይልኝ» ብለው እምቢ ማለት አልቻልኩም። ጨርቁ ግን ከሁሉም ላይ ተቆረጠ፤ ሱሪ ለመስፋት የሰው ስም ምን ያደርግልኛል? ተካ የሚያነበው አጣ።

የቢላና የኡኬዎቹን ልንጠይቃቸው አልቻልንም፤ ገበያ ያልወጡ ብዙ ነበሩ። ጋሽ ፈድሉ «ዝም ያለ እንደ ተስማማ ነው» አለ። እናትህ ወደ ግድግዳ ዞራ የቆመችው ትዝ አለችኝ። «አይደለም» አልኩ፤ «ያልጠየቅነው ሁሉ ለኪ እንዳለን ይቆጠር።» ማታ ተቀምጠን ከአንዱ በቀር ሁሉንም ፈታን። ጣቶቼ እስኪላጡ።

ቅዳሜ ጓድ ሽብሩ ዱላውን ይዞ ገባ። ግድግዳው ላይ የቀሩት «ይቀመጥልን» ያሉት የሽማግሌና የሴቶች ጥቂት ሲባጎዎች ናቸው። መሃል ላይ ብቻዋን አንዲት አጭር ወፍራም አለች።

«የት ሄደ ይኼ ሁሉ?»

«ለባለቤቶቹ ሰጠን ጓድ» አለ ጋሽ ፈድሉ፣ ከመኪናው ቀና ሳይል።

«በማን ትእዛዝ?»

«በኔ» አልኩ። ድምፄ ግን እንዲያ የቀጠነበት ቀን የለም።

መልስ ሊሰጠኝ አፉን ሲከፍት ዓይኑ መሃሏ ሲባጎ ላይ አረፈ። ወገቡ ላይ ሁለት ቋጠሮ አለ፤ አንዱ የአምና፣ አንዱ የዘንድሮ። በመካከላቸው አንድ ጥሩ ጭብጥ ያህል ርቀት። ያውም አገሩ ሁሉ ቀበቶውን ባጠበቀበት ዓመት።

«ይኼ... የማን ነው?»

«የእርስዎ ነው ጓድ» አለች ዘርትሁን በትሕትና። «ስላላገኘንዎ ሳንጠይቅ መፍታት አልደፈርንም። ይቀመጥልዎ?»

«ሲባጎ አይዋሽም ብለውን የለ» አለ ጋሽ ፈድሉ፣ አሁንም ቀና ሳይል። መኪናው እየተንቀጫቀጨ ነው፤ እግሩ ይሁን ሳቁ የሚያንቀጫቅጨው አላውቅም።

ጓድ ሽብሩ በሩን አየ፣ ሰው አለመኖሩን አረጋገጠ፤ ሲባጎውን ከምስማሩ አውርዶ ኪሱ ከተተ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ «ይኼ ነገር ሪፖርት ይደረጋል» አለ። አደረገውም። መሥሪያ ቤቴ ጠርቶኝ ነበር። ምናልባት ወደ ጊምቢ፣ ምናልባት ከዚያም ወዲያ ያዛውሩኝ ይሆናል። አትጨነቅ፤ የሄድኩበት ሁሉ ልብስ ሰፊ አለ። የሄድኩበት ሁሉ «ለኪ»ን አውቃለሁ።

ቀነዓ ቢላ አጎታችሁ ዘንድ ሄዷል፤ እዚያው ይማራል። ለጊዜው የጠየቀው ሰው የለም። ለጊዜው ያልኩህን ልብ በል፤ ልዋሽህ አልፈልግም። የሰፋንለት ሱሪ ከወዲሁ አጥሮታል። ስትጽፍ ስለ ቁመቱ አንዳች ነገር እንዳታነሳ። ስለ ትምህርቱ ብቻ ጠይቀው።

አሁን አንተ ማሽን የምትሠራ ሰው ነህና አንድ ነገር ልለምንህ። ያ ኮምፒውተር ማስታወሱ ደስ ይላል፤ እኔም ወድጄለት ነበር። ግን ከማስታወሱ በፊት ባለቤቱን ይጠይቃል? ባለቤቱ በሚገባው ቋንቋ? እምቢ ሲባልስ እምቢታውን ይሰማል? «አሁን ፍቺው» የሚለው ሰው ቢመጣ የሚፈታለት ጥርስ አለው? እኔ በሲባጎ ይህን ያህል ካጠፋሁ፣ አንድ ቀን ዓለምን ሙሉ ግድግዳው ላይ የሚሰቅል ማሽን የመጣ እንደሆነ ምን ሊሆን ነው? ፕሮፌሰሮችህን ጠይቅልኝ። ከሳቁብህ የእናትህን ቃል ንገራቸው።

የመጨረሻው ወሬ ይህ ነው። ባለፈው እሑድ እናትህ ቤቴ መጣች፤ ሱቅ አይደለም፣ ቤቴ። ወንበር ስሰጣት አልተቀመጠችም።

«ስለ ዋጋሪ ጤና ከእኔ በላይ የምትጠይቅ የመንግሥት ሠራተኛ አይቼ አላውቅም» አለች፣ እንዲገባኝ ኦሮምኛውን ቀስ እያደረገች።

ባገኘኋት ቁጥር «ውጭ አገር ያለው ልጅዎ ደህና ነው?» ማለቴ ነው ያጋለጠኝ፤ የምገባበት ጠፋኝ። ከመቀነቷ አዲስ ሲባጎ አወጣች። ከዚያ ለእኔ ብላ ያጠናችው መሆኑ እያስታወቀባት በአማርኛ «ልለካሽ?» አለችኝ። «እሱ ሲመጣ የምትለብሺውን።»

ዋጋሪ፣ ደስታ አእምሮ ያስታል። አንቱታውን ረስቼ፣ እንደ ገዛ እናቴ «አንቺ» ብያት፣ «ለኪ!» ብዬ ጮህኩ።

እጇ ወረደ። ፊቷ ሲጠቁር አየሁት። «አይደለም አዮ! ኤዬ! ኤዬ! ኤዬ!» አልኩ። መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ከዚያ እኔ፤ ግድግዳ ተደግፈን እንባችን እስኪወርድ። ትከሻዬንና ወገቤን ለካች። ቁመቴን ግን በዓይኗ አየችና «ይበቃል» አለች፤ ቀሚሴ እንደሚያጥር ከአሁኑ አውቄዋለሁ። ሲባጎውን እጄ ላይ አስቀምጣ «የራስሽ ነው፤ የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ» ብላ ሄደች።

አሁን ወደ ጥያቄህ። «ዓመቱ ረጅም ነው፣ ወጣት ነሽ፣ ልርሳሽ ወይ?» ብለህ ጽፈሃል። ጠይቀህ ማድረግህ ደስ ብሎኛል፤ ሳይጠይቁ የሚረሱ አሉ። መልሴን በእናትህ ቋንቋ እሰጥሃለሁ፤ በትክክል ተምሬዋለሁና ሁለተኛ አታስጮኸኝ፦

ለኪ። ለኪ ጄዴ!

ሲባጎዬ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከወረቀቱ ጎን ተጠቅልሎ ተቀምጧል። በዚህ ፖስታ ውስጥ ልከተው አንስቼ መለስኩት። ሳልጠይቅህ አንተ ዘንድ ልኬን ማኖር አሁን አይሆንልኝም። ስለዚህ ልጠይቅህ፤ ልላክልህ? የምትፈልግ ከሆነ በአማርኛ አንዲት ቃል ብቻ ጻፍልኝ፤ «ላኪ» በለኝ። የምለምንህ ግን የ«ላ»ን እግር አስረዝማት። ያንተን የችኮላ ጽሑፍ አውቀዋለሁ፤ አሳጥረሃት «ለኪ» ሆና ከደረሰችኝ በየትኛው ቋንቋ አነባታለሁ?

እስከዚያው ከብርዱም ከሰውም እግዜር ይጠብቅህ፤ ዋቅኒ ሲ ሃ ኤጉ። እናትህ ሻርፑን ይልበስ ብላለች። ጋሽ ፈድሉ ደግሞ ሳላወራው ደርሶበት «ያ ልጅ ሲመጣ ሱሪውን በሜትር ነው የምሰፋለት፣ በዓይኔ አይደለም» ብሎሃል።

እግሯን አስረዝማት።

ያንተው
ሐረግወይን